ንጉሥ አይከሰስ፤ መንገዱ ግን ይከሰሳል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። ንጉሡም ዙፋኑም ካለፉ ቆዩ፤ ተረቱ ግን በሰው ልብ ውስጥ ሕግ ሆኖ ቀርቷል። በመቀሌ ከእንዳ ኢየሱስ ወደ መሃል ከተማ ቁልቁል የሚወርድ እግረኛ፣ ወይም በአዲስ አበባ መርካቶ ሸክም ይዞ የሚሄድ ሰው፣ የተነቀለ የንጣፍ ድንጋይ አደናቅፎት እግሩ ቢሰበር ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ነፍስህን አተረፈልህ» ይለዋል። ድንጋዩ የማን ነው? ማን ነቀለው? መመለስ የነበረበትስ ማን ነው? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጠ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ ሰው መንግሥትንም ሆነ ማዘጋጃ ቤትን በተራ ፍርድ ቤት ከስሶ ካሳ እንዲጠይቅ በር ከፍቷል። ያ በር ዛሬም አልተዘጋም። የሚያንኳኳው ግን የለም ማለት ይቻላል። ለምን? መልሱ ከፊሉ በታሪክ፣ ከፊሉ በሕጉ አጻጻፍ፣ ከፊሉም በቅርቡ ጦርነት ውስጥ ይገኛል።

▪️ ኮረብታው፣ ምሽጉና መንገዱ

እንዳ ኢየሱስ የሚለው ስም በትግርኛ የኢየሱስ ቤት፣ የኢየሱስ ደብር ማለት ነው። በታሪክ መጻሕፍት ግን ስፍራው ይበልጥ የሚታወቀው በ1888 ዓ.ም በተካሄደው ከበባ ነው። ከአምባላጌ ድል በኋላ የጣሊያን ጦር በሻለቃ ጋሊያኖ እየተመራ እዚህ ኮረብታ ላይ መሽጎ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን በመድፍና በጥይት ብቻ ሊያስለቅቀው አልቻለም። በመጨረሻ የወሰነው ውሃው ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ጠላት የሚቀዳበት ምንጭ ተያዘ፣ ውሃ ጥሙም ምሽጉን አስለቀቀ። ዐፄ ምኒልክ ጋሊያኖንና ወታደሮቹን መሣሪያቸውን እንደያዙ እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። ጋሊያኖ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዐድዋ ላይ ሞተ።

ዛሬ እንዳ ኢየሱስ ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ሻይና ቆሎ ሻጯ በየቀኑ በእግር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ደብር፣ የምሽግ ታሪክና መንገድ በአንድ ስፍራ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ይህ ግጥጥም በሕጉም ውስጥ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1446 የመንግሥት ወይም የአስተዳደር አካላት ሲሆኑ «የሕዝብ አገልግሎት ንብረት» ከሚላቸው ነገሮች መካከል መንገዶችን፣ ምሽጎችንና ቤተ ክርስቲያኖችን አብሮ ይዘረዝራል። ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አጭር ነው። የእግረኛ መንገድ ባለቤት የሌለው ሜዳ አይደለም። ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ስም፣ ማኅተምና በጀት ያለው የመንግሥት አካል ነው።

▪️ ከኦሪት ጉድጓድ እስከ ሬኔ ዳቪድ

ጉድጓድ ቆፍሮ ክፍቱን የተወ ሰው ለደረሰው ጉዳት ይከፍላል የሚለው ሐሳብ ለዚህ አገር ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ጉድጓድ ከፍቶ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ተደንግጓል። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል። እነዚህን ቃላት የአገሪቱ ሊቃውንት ለዘመናት ሲያነቧቸው ኖረዋል። ፍትሐ ነገሥትም በተከበረበት ዘመን፣ በየአውራጃው የአገር ሽማግሌ በሚዳኝበት ጊዜም፣ ጎረቤት ለጎረቤት መካሱ የታወቀ ነበር።

ችግሩ ጉድጓዱን የቆፈረው መንግሥት ሲሆን ነበር። ለንጉሥ አቤት ይባላል፣ ንጉሥ ግን አይከሰስም። ደጅ ጠንቶ ምሕረትና ችሮታ መለመን አንድ ነገር ነው፤ «መብቴ ነው፣ ክፈለኝ» ብሎ መቆም ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ በ1948 ዓ.ም በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መጣ። የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ ነው ያለው ያው ሕገ መንግሥት፣ የግዛቱ ነዋሪ መንግሥትን ወይም መሥሪያ ቤቶቹን ከባድ ጉዳት ላደረሰ ጥፋት በፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል አለ። ማስፈራሪያም ጨመረበት፤ ክሱ በክፋት ወይም ያለ መሠረት የቀረበ ከሆነ መንግሥት በተራው ከሳሹን መክሰስ ይችላል።

በዚያው ዘመን ሕግ የማዘጋጀቱ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ1946 ዓ.ም የተቋቋመው የሕግ ማዘጋጃ ኮሚሽን የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረቂቅ ለፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ለሬኔ ዳቪድ ሰጠ። ሕጉ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም ሥራ ላይ ዋለ።

ዳቪድ የመጣበት አገር በዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1871 በቦርዶ ከተማ የመንግሥት ትምባሆ ፋብሪካ ጋሪ አኜስ ብላንኮ የተባለች ሕፃን ገጭቶ አቆሰላት። አባቷ መንግሥትን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1873 የተሰጠው ውሳኔ መንግሥት ለሠራተኞቹ ጥፋት ኃላፊ ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ፣ ነገር ግን ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይሆን በተለየ ደንብ፣ በተለየ ፍርድ ቤት እንዲታይ አደረገ። የፈረንሳይ የአስተዳደር ሕግ የሚኮራበት መነሻ ይህ ነው። በዚያው ዓመት የሠራተኛው «የግል ጥፋት» እና «የሥራ ጥፋት» ልዩነትም ተለይቶ ወጣ።

ዳቪድ ልዩነቱን ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መጣ፣ የተለየውን ፍርድ ቤት ግን አላመጣም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሕግ ከፈረንሳዩ ለተራ ሰው ይበልጥ የቀረበ ሆነ። ማዘጋጃ ቤትን የሚከስ ሰው የጎረቤቱን አጥር ጉዳይ በሚከራከርበት ችሎት መቅረብ ይችላል።

ከእንግሊዝ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1788 አንድ ሰው ድልድይ ባለመጠገኑ ጋሪው ተሰብሮ የዴቨን አውራጃ ነዋሪዎችን ከሰሰ፤ ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ሕዝብ ሁሉ ከሚቸገር አንድ ሰው ቢጎዳ ይሻላል የሚል ሐሳብ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ የመንገድ ባለሥልጣን መንገድ አበላሽቶ ቢጠግን ይጠየቅ ነበር፣ ጭራሽ ሳይጠግን ቢተው ግን አይጠየቅም ነበር። ይህን ከለላ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ሕግ ነው። የኢትዮጵያው ሕግ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከዚህም በላይ ጥፋት በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም እንደሚፈጸም ቁጥር 2029 በግልጽ ይናገራል። በወረቀት ላይ የመቀሌ እግረኛ ከለንደኑ እግረኛ ቀድሞ ነበር።

ተረቱስ ምን ሆነ? ሕጉ ግማሹን አከበረ፣ ግማሹን ሻረ። በቁጥር 2137 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የካሳ ክስ አይቀርብም አለ። ከዚያ 11 ቁጥሮች ቀደም ብሎ፣ በ2126፣ መንግሥት ይከሰሳል ብሏል። ንጉሡ ከነከለላው አለፈ። 2126 ግን በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን አልፎ እዚህ ደርሷል።

▪️ ወድቆ የተጎዳ ሰው በየትኛው በር ይገባል?

1) በሥራ ጥፋት፦ ዋናው በር ቁጥር 2126 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትን መጠየቅ ይችላል፣ መንግሥት ደግሞ ዞሮ ሠራተኛውን ሊጠይቅ ይችላል። በ2127 መሠረት የሥራ ጥፋት የሚባለው ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራ መሆኑን በቅንነት አምኖ የፈጸመው ነው። ቁጥር 2128 ይህንኑ ደንብ ለመንግሥት የግዛት ክፍሎችና የሕግ ሰውነት ላላቸው የመንግሥት ድርጅቶች ያውላል። ከተማ አስተዳደር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተነቀለ ድንጋይ እያየ ያለፈ፣ ጥቆማ ደርሶት መዝገብ ውስጥ ያስተኛ፣ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ምልክት እንኳ ያላቆመ ጽሕፈት ቤት በዚህ በር ይጠየቃል።

2) ቆፋሪውን በቀጥታ በመክሰስ፦ የኮብልስቶን ንጣፍ ብዙ ጊዜ በራሱ አይበላሽም። ድንጋዮቹ የሚቀመጡት በተደለደለ አሸዋ ላይ ነው፤ አንዱ አንዱን ደግፎ ይይዛል። የውሃ መስመር፣ የቴሌ ገመድ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ለማስገባት የሚቆፍር ሁሉ ድንጋዩን ያነሣል። አፈሩ በደንብ ሳይጠቀጠቅ ድንጋዩ ከተመለሰ፣ ወይም ሳይመለስ ከቀረ፣ የመጀመሪያው ክረምት አሸዋውን ጠርጎ ይወስደዋል፣ ዙሪያው ያለውም ተከትሎ ይሰምጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መጨረሻ ማን ቆፈረ?» ነው። ቆፋሪው ሥራ ተቋራጭ ከሆነ በቁጥር 2028 በራሱ ጥፋት ይከሰሳል። ይህ በር ወሳኝ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ በቁጥር 2134 ሥራ ያሠራ ሰው በራሱ ነጻነት ለሚሠራ ተቋራጭ ጥፋት እንደ አሠሪ አይጠየቅም። ማዘጋጃ ቤቱን ብቻ የከሰሰ ሰው «እኛ አልቆፈርንም» የሚል መልስ ሊገጥመው ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ መክሰስ ይሻላል፤ ተቋራጩ በመቆፈሩ፣ ከተማው ባለመቆጣጠሩ።

3) ያለ ጥፋት ኃላፊነት፦ ሕጉ አንዳንድ ሰዎችን ጥፋት ባይኖርባቸውም ይጠይቃል። በ2077 የሕንፃ ባለቤት፣ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ጉዳት እንኳ ቢሆን፣ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በ2069 የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው ኃላፊ ነው። የፎቅ ጣራ ቆርቆሮ ወድቆበት የተጎዳ እግረኛ ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም ማለት ነው። እግሩ ሥር ያለው ንጣፍ የጎዳው ግን ያስረዳል። ጠበቃ የእግረኛ መንገድ፣ ደረጃ ወይም የድጋፍ ግንብ በ2077 «ሕንፃ» ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ከተማው ቆፍሮ ክፍቱን የተወው ጥልቅ ቦይ 2069ን ያስነሣል ብሎም ሊከራከር ይችላል። ክርክሩ ሊሳካም ላይሳካም ስለሚችል ከዋናው በር ጋር በአማራጭ ቢቀርብ እንጂ ብቻውን ባይታመንበት ይመረጣል።

4) በወንጀል በኩል፦ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 559 ያስቀጣል፤ ሰው ከሞተ ቁጥር 543 አለ። ክዳን አንሥቶ የሄደ የተወሰነ ሰው ከታወቀ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል፣ ካሳም በወንጀሉ መዝገብ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። በወንጀል ነጻ መባሉ ደግሞ የካሳ ክሱን አይዘጋም፤ በ2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

5) ያለ ፍርድ ቤት፦ ለከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት፣ በሽምግልና መስማማትም አለ። ለብዙ ሰው ፈጣኑ መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማመልከቻ ማስገባት ብቻውን ይርጋን አያቆምም። «ነገ ና» እየተባለ የሚመላለስ ሰው መብቱ በእጁ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

▪️ ማስረጃው ከታማሚው ቀድሞ ይጠፋል

በቁጥር 2141 የማስረዳት ሸክሙ የከሳሹ ነው፤ ጉዳቱን፣ መጠኑንና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ሁኔታ ማስረዳት አለበት። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው።

የመጀመሪያው ምክንያት ባህል ነው። የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። የወጌሻው እጅ ያድን ይሆናል፣ የሕክምና ማስረጃ ግን አይጽፍም። ወደ ዓይደር ሆስፒታል ወይም ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ቀኑና የጉዳቱ ምክንያት በካርድ ላይ እንዲሰፍር ያላደረገ ሰው ከወራት በኋላ «የወደቅሁት እዚያ ነው» ቢል ቃሉ ብቻውን ይቆማል።

ሁለተኛው መንገዱ ራሱ መለወጡ ነው። ወይ ይጠገናል፣ ወይ ይብስበታል። ስለዚህ ቤተሰብ በዚያው ቀን ፎቶ ማንሣት አለበት፤ አንዱን ከሩቅ፣ አካባቢው እንዲታወቅ፣ አንዱን ከቅርብ፣ ሜትር ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ አድርጎ ጥልቀቱ እንዲታይ። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ የንጣፍ ልዩነት ክርክር ሲያስነሣ ኖሯል፣ ምንም እንኳ ቁርጥ ያለ ደንብ ባይሆንም። ጉድጓዱን ያልለካ ክርክሩንም አይለካም። ያነሣው ባለሱቅ፣ ባጃጅ ያቆመለት ሾፌር፣ «ይህ ጉድጓድ ከበዓል በፊት ጀምሮ አለ» የሚሉ ጎረቤቶች ስማቸውና ስልካቸው ይያዝ። የጎረቤቶቹ ቃል ወሳኝ ነው፤ ትናንት የተፈጠረን ጉድጓድ ከተማው ላያውቀው ይችላል፣ ለወራት የኖረውን ግን አላየሁም ማለት ይከብደዋል።

ከዚያ ካሳው ይሰላል። በ2091 ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ነው። ሕክምና፣ መድኃኒት፣ መጓጓዣ፣ ከሥራ የቀረበት ቀን ሁሉ ይቆጠራል። በ2092 ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት ሳይጠበቅ ይካሳል። ገቢውን በደረሰኝ ማስረዳት ለማይችል የቀን ሠራተኛ 2102 ይረዳል፤ ትክክለኛው መጠን ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ ይወስናል። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይሄድ ከነበረ፣ ካሳው በ2098 ይቀነሳል እንጂ መብቱ የግድ አይጠፋም። የዳኝነት ክፍያ ለሌለው ሰው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሕጉ ራሱ አርጅቷል። የሞራል ካሳ በ2116 ከ1,000 ብር መብለጥ አይችልም። ሕጉ ሲወጣ 1,000 ብር ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። ዛሬ ከ10 ዶላር በታች ነው። ዕድሜ ልኩን ለሚያነክስ ሰው ሕመም የኢትዮጵያ ሕግ ያስቀመጠው ጣሪያ ይህ ነው።

▪️ ሁለቱ ዓመታት

ለመቀሌ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ቁጥር 2143 ነው። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ጊዜው ይራዘማል።

ቀኖቹን እናስላ። ጦርነቱ የጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም ሌሊት ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። አንድ ቀን የጎደለው ሁለት ዓመት። በጦርነቱ ዋዜማ ወድቆ የተሰበረ የእንዳ ኢየሱስ ነዋሪ ይርጋው ያለቀው ሰላም በተፈረመበት ሰሞን ነው። በእነዚያ ዓመታት ባንክ ተዘግቷል፣ ስልክና መብራት ተቋርጧል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ለረጅም ወራት ያለ ደመወዝ ኖሯል። በዚያ ሁኔታ የክስ ማመልከቻ ማጻፍ፣ ጠበቃ መያዝ፣ ሬጅስትራር ፊት መቆም ለማን ይቻለው ነበር? ሕግ አውጪው ሁለት ዓመት ይበቃል ሲል ያሰበው ፍርድ ቤቱ ክፍት የሆነበትን አገር ነው።

መውጫ የለም ማለት አይደለም። ዳኛ ይርጋን በራሱ ተነሣሽነት አያነሣም፤ በ1856 መሠረት ተከሳሹ መቃወሚያ አድርጎ ካላቀረበው ክሱ ይቀጥላል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከሕግ ወደ ፖለቲካ ፈቃድ ይሻገራል። የከተማ አስተዳደሩና ክልሉ ጦርነቱ ባቋረጠው ጊዜ ውስጥ ላለፈበት ተጎጂ ይርጋን አናነሣም ብለው መወሰን ይችላሉ። አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም። ለጠበቆቻቸው መመሪያ መስጠት ይበቃል።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በመንገዱ የሚሄደው ሰው ራሱ ተለውጧል። በክራንች፣ በዊልቼርና በሰው ሠራሽ እግር የሚሄደው ብዙ ነው። ለጤነኛ ሰው መሰናክል የሆነ ድንጋይ ለእርሱ ግድግዳ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት መንገዶች ለሁሉ ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል። ስለዚህ ከተማው «ጠንቃቃ ሰው አይወድቅበትም ነበር» ብሎ ሲከራከር፣ የትኛው ሰው? ተብሎ መጠየቅ አለበት።

▪️ «ከተማው ደሃ ነው»

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ከጦርነት የወጣ ከተማ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለመጠገን እንኳ ይቸገራል። ለከሳሽ የሚከፈል እያንዳንዱ ብር ከዚያው ኪስ ይወጣል። ይህ የ1788ቱ የዴቨን ዳኞች ክርክር ነው፤ ዛሬም በየጽሕፈት ቤቱ ይሰማል።

ሆኖም ከተማው ባለመክፈሉ ወጪው አይጠፋም። ወደ ሌላ ኪስ ይዛወራል እንጂ። ወርዶ የሚያርፈውም ዕቃ አውራጁ፣ ሊስትሮው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ ላይ ነው፤ ለሦስት ወር ካልሠሩ ልጆቻቸው ከትምህርት የሚቀሩ ሰዎች ላይ። አንድ ከተማ በጋራ ሊሸከመው ያልቻለውን አንድ ቤተሰብ ብቻውን እንዲሸከም መፍረድ ነው።

ደግሞም ሕጉ ተአምር አይጠይቅም። በቁጥር 2030 የጥፋት መለኪያው ምክንያታዊ ሰው ነው። ምክንያታዊ ከተማ ሁሉንም መንገድ በአንድ ዓመት አይጠግንም። ግን ጥቆማ ይመዘግባል፣ የባሰውን ይለያል፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ላይ አጥር ወይም ምልክት ያቆማል፣ ለቆፋሪ ፈቃድ ሲሰጥ መልሶ ለመጠገኑ ማስያዣ ይጠይቃል። ይህን ያደረገና መዝገቡን ማሳየት የሚችል ከተማ ሲከሰስ መልስ አለው። መልስ የሌለው መዝገብ የሌለው ነው።

መለወጥ ያለበት ሕግም አለ። ማዘጋጃ ቤቱ መቼ እንዳየ፣ ማን እንደቆፈረ፣ ለማን ፈቃድ እንደተሰጠ የሚያውቀው ራሱ ማዘጋጃ ቤቱ ሆኖ ሳለ፣ ሕጉ የማስረዳቱን ሸክም በክራንች በሚሄደው ሰው ትከሻ ላይ ጥሏል። ፈረንሳይ እንኳ መንገዱን በአግባቡ መጠበቋን አስተዳደሩ ያስረዳ ትላለች። እንግሊዝም ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ባለሥልጣኑ ያሳይ ትላለች። ዳቪድ የኢትዮጵያን እግረኛ በሩ ድረስ አደረሰው፣ ቁልፉን ግን በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ተወው። የቀረው ሥራ ቁልፉን ማዛወር ነው፤ ጉዳቱ መንገዱ ላይ መድረሱ ከተረጋገጠ ጥገናውን ያስረዳው ባለ መንገዱ ይሁን። የ1,000 ብሩ ጣሪያም ይነሣ።

እስከዚያው ግን በሩ ክፍት ነው። ያለው ሕግ ጠባብ ቢሆንም ባዶ አይደለም፤ ባዶ የሚያደርገው አለመጠቀም ነው። ከተማን መክሰስ ከተማን መጥላት አይደለም። አንድ ክስ ለአንድ ሰው ካሳ ያስገኛል፤ አሥር ክስ ግን የመንገድ ክፍሉን ኃላፊ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ጋሊያኖን ከእንዳ ኢየሱስ ያስወጣው የመድፉ ብዛት አልነበረም፤ ደካማ ጎኑ የት እንደሆነ ማወቅ ነበር። የማዘጋጃ ቤት ደካማ ጎኑ ደግሞ ቀን፣ ፎቶና የሐኪም ወረቀት ይዞ በሁለት ዓመቱ ውስጥ ችሎት የሚቆም ዜጋ ነው።

ሰማይ ዛሬም አይታረስም። ንጉሥ ግን የለም። የቀረው መንገዱና ባለቤቱ ነው፤ እርሱ ደግሞ ይከሰሳል።